አባትየው የተከሰሱበት ምዕራፍ

(ቅዳሜ ጠዋት፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ትምህርት ክፍል፤ የስመኝ የማስተርስ ጥናት በውጭ ፈታኝ ፊት ሊቀርብ ትንሽ ሲቀረው፣ ስመኝ በአማካሪዋ በዶክተር ልየው ቢሮ።)

ስመኝ፦ ይደውሉላቸውና መልሰው ይስጡን ይበሏቸው። ሌላ የምለምንዎ ነገር የለኝም።

ልየው፦ ከፈታኝ ቦርሳ ውስጥ ጥናት መልሶ የሚያወጣ አማካሪ የት አይተሻል? እጃቸው ከገባ ሳምንታት አልፈዋል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ስመኝ።

ስመኝ፦ የገጽ ቁጥሩ ተዛብቷል ይበሏቸው። ማተሚያ ቤቱ አበላሽቶታል ይበሏቸው።

ልየው፦ የገጽ ቁጥር ተዛብቶ የሰው ፊት እንዲህ አመድ አይመስልም። በሩን ዝጊና ተቀመጪ።

ስመኝ፦ መቀመጥ አልቻልኩም። ቁጭ ካልኩ መነሣቴን እንጃ።

ልየው፦ እንደፈለግሽ። ምን ሆነሻል? ሰው ሞተብሽ?

ስመኝ፦ የሞተ ሰው ሰድቤ ነው።

ልየው፦ ምን አልሽ?

ስመኝ፦ ነገር ከሥሩ ነው፤ ከሥሩ ልንገርዎ። ጥናቴን ካስረከብኩ በኋላ ትምህርት ክፍሉ የለጠፈው ማስታወቂያ ትዝ ይልዎታል? ፈታኙ ፕሮፌሰር ስንሻው በዋቢ ዝርዝር ላይ የኢትዮጵያውያን ስም ሳይቆረጥ፣ ከራስ ስም ተጀምሮ ይጻፍ ብለዋል የሚለው?

ልየው፦ እሳቸው ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው። ባለፈው ዓመት የአንዱን ልጅ ጥናት ገና የኋላ ገጹን ከፍተው ነው የመለሱት። "ሁሉንም በአባታቸው ጠራሃቸው፤ ልጆቹ ወዴት ሄዱ?" ብለው።

ስመኝ፦ እሱን ፈርቼ ነዋ። የታተመው አንዴ ሄዷል፤ ዛሬ ግድግዳ ላይ የማሳየውን እንኳ ላስተካክል ብዬ በማለዳ ተነሥቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ።

ልየው፦ ዋቢውን እኮ ኮምፒውተሩ ራሱ ያወጣልሻል።

ስመኝ፦ እሱ አይደል ጉዱን ያመጣው። ደራሲ በሚለው ሳጥን ውስጥ ስም ሲገባለት የመጨረሻዋን ቃል አንሥቶ ፊት ያቆማታል፣ ነጠላ ሰረዝ ያስከትላል፣ የልጁን ስም በአንድ ፊደል ያስቀረዋል። ለፈረንጅ ደህና ነው። እኛን ግን ሁላችንንም አባታችንን ያደርገናል።

ልየው፦ ይታወቃል። ሁላችንም በእጃችን እያረምን ነው ያለፍነው።

ስመኝ፦ በእጅ ማረም ድካም ነው፣ ዶክተር። ዝርዝሩ በታደሰ ቁጥር ያቃናሁትን መልሶ ያጣምመዋል። ስለዚህ ዋቢ እንዴት እንደሚጻፍ ኮምፒውተሩን የሚያዘውን የስታይል ፋይል ቅጂውን አስቀምጬ ትእዛዙን ራሱን ቀየርኩት። የራስ ስም ይቅደም፣ ነጠላ ሰረዙ ይጥፋ፣ ማንም በፊደል አይቆረጥ፣ ተራው በሀ በለ በሐ ይሁን አልኩት።

ልየው፦ እሺ አለሽ?

ስመኝ፦ መጀመሪያ አሳየኝ። "እና ሌሎች" የሚለው የሰው ስም መስሎት "እ" ሥር ደራሲ አድርጎ አቆመው። አንድ መሪጌታን ደግሞ ማዕረጋቸውን ስማቸው አድርጎ የገዛ ስማቸውን የአባት አደረገባቸው። እየቆየ ግን ገባው። ዝርዝሩን ሳድሰው ሁሉም በየስሙ ተሰለፈ። ደስ ብሎኝ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ልየው፦ ታዲያ ምን ያስደነግጥሻል? ያማረ ሥራ ነው የሠራሽው።

ስመኝ፦ አንድ ሰው ቀረ። ሁሉም ከነአባቱ ሲቆም እሱ ብቻ "ማናጥቦት ሰ." ብሎ በአንድ እግሩ ቆመ።

ልየው፦ ማናጥቦት?

ስመኝ፦ የጥናቴ ቦታ ስለሆነችው ስለ ጎሽ ሜዳ የደም እርቅ በሰማንያ ዘጠኝ የተጻፈው ጽሑፍ። እኔ ያነበብኩት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ፎቶ ኮፒ ነው፤ የመጀመሪያ ገጹ ወልቋል። ስሙን አንድ ፈረንጅ ከጻፈው መጽሐፍ ኋላ አገኘሁት። እሱ በፈረንጅ ፊደል የጻፈውን እኔ "ማናጥቦት፣ ሰ." ብዬ ገለበጥኩት። እኔም ማናጥቦት የራሱ ስም፣ "ሰ" የአባቱ መነሻ መሰለኝ። ሰለሞን ይሆናል፣ ሰይፉ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ልየው፦ ስመኝ...

ስመኝ፦ ዛሬ ስሙን ላሟላ ብዬ መጽሔቱን ከቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ፈልጌ አወረድኩት። የመጀመሪያ ገጹ ላይ...

ልየው፦ አትንገሪኝ።

ስመኝ፦ ስንሻው ማናጥቦት ይላል።

ልየው፦ ሌላ ስንሻው ይሆናላ። አገሩ ሰፊ ነው።

ስመኝ፦ ስንሻው ሞልቷል። ማናጥቦት የሚባል አባት ያለው ስንት አለ? ከስሙ ሥር ደግሞ የሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ ተጽፏል። ፕሮፌሰር ስንሻው ናቸው፣ ዶክተር። ዛሬ የሚፈትኑኝ።

ልየው፦ ቆይ። ቆይ አንዴ። በጥናትሽ ውስጥ ፕሮፌሰሩን በራሳቸው ስም ጠቅሰሽ የለም ወይ? እኔው ነኝ ጥቀሺያቸው ያልኩሽ።

ስመኝ፦ ጠቅሻለሁ፤ የኋለኛውን መጽሐፋቸውን። እሱ በአማርኛ ስለሆነ ስማቸው በወጉ "ስንሻው" ተብሎ ገብቷል። የአባታቸውን ስም ባየውም፣ ያኛው የሌላ ሰው የራሱ ስም ስለመሰለኝ አላገናኘሁትም። ስለዚህ እኔ ዘንድ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ስንሻው፣ አንደኛው ማናጥቦት።

ልየው፦ ማናጥቦትን... አክብረሽዋል ወይስ?

ስመኝ፦ ምዕራፍ ሁለት ላይ ያለውን ነው የሚሉኝ?

ልየው፦ አዎ፣ እሱን። አሁን በድንጋጤ ማን ቃል በቃል ያስታውሳል። እስኪ አንብቢልኝ።

ስመኝ፦ "ማናጥቦት ጎሽ ሜዳን ያየው ከመኪና መስኮት ይመስላል።"

ልየው፦ እሺ። ይሄ ቀልድ ነው ሊባል ይችላል።

ስመኝ፦ "በቦታው አንዲት እናት ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ ባልደፈረ።"

ልየው፦ ቀጥይ።

ስመኝ፦ "ማናጥቦት ማንበብ የሚገባውን አላነበበም።"

ልየው፦ ማንበብ? ስመኝ፣ ማንበብ ነው ያልሽው?

ስመኝ፦ አይደለም እንዴ የምልዎ።

ልየው፦ የመጽሐፋቸውን የመታሰቢያ ገጽ አይተሽዋል?

ስመኝ፦ ዛሬ ጠዋት አየሁት። "ፊደል ሳይቆጥር ላስቆጠረኝ ለአባቴ ለማናጥቦት" ይላል። ከዚያ ወዲያ ነው ወደ እርስዎ የሮጥኩት።

ልየው፦ ሰውየው በሬ ሸጠው ነው ልጃቸውን ከተማ ያስገቡት። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ በየክፍሉ ያወሩታል። አንድ ጉባኤ ላይ አስተናጋጁ ተሳስቶ "አሁን ፕሮፌሰር ማናጥቦት ንግግር ያደርጋሉ" ቢል፣ እሳቸው ሳይነሡ "አባቴ አልመጡም፤ ከሞቱ ቆይተዋል" አሉት። አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሁሉ የምንገባበት ጠፋን። ያ እንግዲህ ሲያወድሳቸው ነው።

ስመኝ፦ የአባት ዕዳ ለልጅ ይባል ነበር።

ልየው፦ አንቺ የልጁን ለአባት አወረስሽው። ለዚያውም መቃብር ድረስ ሄደሽ። ሌላስ አለ?

ስመኝ፦ አለ።

ልየው፦ ይቅርብኝ። አይ፣ አንብቢው።

ስመኝ፦ "የማናጥቦትን ስንፍና ያጋለጠልን ስንሻው ነው። ስንሻው የሟች እናት በእርቁ ላይ ድምፅ እንዳላት በማሳየት፣ እንደ ማናጥቦት ያሉ ሰነፍ አጥኚዎች ያጣመሙትን አቅንቷል።"

ልየው፦ ወይኔ ልየው።

ስመኝ፦ አሁን ገባዎት? መልሰው ይስጡን ይበሏቸው የምለው ለዚህ ነው።

ልየው፦ አንቺ የገባሽ አይመስለኝም። ስድቡ እንኳ ቀላሉ ነው። ሰውየው ወጣት ሳሉ የሟች እናት ድምፅ የላትም ብለው ጻፉ። አርጅተው፣ በመጽሐፋቸው፣ አላት አሉ። በመሐል "ተሳስቼ ነበር" ያሉበት አንድ መስመር አለ?

ስመኝ፦ የለም። የድሮውን ጽሑፍ ከናካቴው አልጠቀሱትም።

ልየው፦ ለምን ይመስልሻል ያልጠቀሱት?

ስመኝ፦ የተረሳ መስሏቸው ይሆናል።

ልየው፦ ተረስቶም ነበር። አንቺ ነሽ ቆፍረሽ ያወጣሽው። አባታቸውን ሰነፍ፣ ልጁን ጀግና አድርገሽ ፊት ለፊት አቆምሻቸው። አውቃ ያላገጠችብኝ ነው የሚመስላቸው። እኔም ብሆን እንዲያ ነው የሚመስለኝ።

ስመኝ፦ እናቴን ልቅበር፣ አላወቅኩም።

ልየው፦ ለእኔ አትማዪ። የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው።

ስመኝ፦ ከጣሉኝ ምን እንደምሆን ያውቃሉ? ትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ፈቃድሽ ነው ብሎ ነው የላከኝ። በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ ክፍሌንም ተማሪዎቼንም ይዛለች። ያለ ዲግሪ ብመለስ የማስተምርበት የለኝም። ባለቤቴ ሁለቱን ልጆች ይዞ ዛሬ ማታ ስልክ ይጠብቃል። ምን ብዬ ነው የምደውለው? የሰው አባት ሰድቤ ወደቅሁ ልበል?

ልየው፦ ቀስ በይ። ግድግዳው ስስ ነው።

ስመኝ፦ እፈራለሁ፣ ዶክተር። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ልየው፦ እኔስ የምስቅ መሰለሽ? የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬን የሚገመግመው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?

ስመኝ፦ እሳቸው እንዳይሆኑ ብቻ።

ልየው፦ እሳቸው ናቸው። ከአንቺ ጥናት ጋር አንድ ላይ ነው የተላከላቸው። ምናልባት አንድ ቦርሳ ውስጥ ናቸው።

ስመኝ፦ ስለዚህ እስካሁን የፈሩት ለራስዎ ነው።

ልየው፦ ለሁለታችንም ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ዳዋው እኔ ነኝ።

ስመኝ፦ እኔ አይጧ መሆኔ ነው?

ልየው፦ አሁን የሚያጣላ ነገር አንፈልግ። መላ እንፈልግ። ያ ኮምፒውተር ይኸው እፊትሽ ነው። "ማናጥቦት" የሚለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈልጎ "ስንሻው" ብሎ ይተካልሽ የለም? አዲስ ቅጂ እናትምና ፈተናው ከመጀመሩ በፊት "የተስተካከለው ይኸ ነው" ብዬ አስቀምጥላቸዋለሁ።

ስመኝ፦ ሞክሬዋለሁ።

ልየው፦ እና?

ስመኝ፦ "የስንሻውን ስንፍና ያጋለጠልን ስንሻው ነው" አለ።

ልየው፦ ሌላውስ?

ስመኝ፦ "እንደ ስንሻው ያሉ ሰነፍ አጥኚዎች ያጣመሙትን ስንሻው አቅንቷል።" ዶክተር፣ እየሳቁ ነው?

ልየው፦ አልሳቅሁም። ሲጨንቀኝ ፊቴ እንዲህ ይሆናል። መልሰሽዋል?

ስመኝ፦ የእኔን ጽሑፍ መለስኩት። በቅንፍ ያለው ግን አልመለስ አለኝ። ምንጩን አንድ ጊዜ ሳርመው ቅንፎቹ ሁሉ አብረው ተለወጡ። አሁን እኔ "ማናጥቦት ሰነፍ ነው" ስል፣ ከጎኑ ቅንፉ "ስንሻው ማናጥቦት፣ 1989" ይላል። እኔ እሰድባለሁ፣ እሱ ይመሰክርብኛል።

ልየው፦ እንግዲያው ሁሉንም አውጪው።

ስመኝ፦ ምኑን?

ልየው፦ ማናጥቦት ያለበትን አንቀጽ ሁሉ። ከነቅንፉ፣ ከነዋቢው። የድሮው ጽሑፍ ጭራሽ እንዳልነበረ ይሁን። "ስንሻው እንዳሳየው የሟች እናት ድምፅ አላት" ብለሽ እለፊ። ሲጠይቁሽም ያኛው ረቂቅ ነበር፣ ፕሮግራሙ አደባለቀው በይ። ሳይቃጠል በቅጠል።

ስመኝ፦ ተቃጥሏል እኮ። በእጃቸው ነው ያለው።

ልየው፦ ላያነቡት ይችላሉ። የሥራ ብዛት ያለባቸው ሰው ናቸው። የተላከላቸውን ሁሉ የሚያነብ ማን አለ?

ስመኝ፦ የማያነብ አለ?

ልየው፦ ሰው ነን። ይልቅ ጊዜ አናጥፋ፤ አውጪው።

ስመኝ፦ እሱን ካወጣሁ እማማ ደብሬ ይወጣሉ።

ልየው፦ እማማ ደብሬ ማን ናቸው?

ስመኝ፦ ምዕራፍ ሁለትም አራትም በእሳቸው ነው የቆሙት። የጎሽ ሜዳዋ እናት።

ልየው፦ አዎ፣ አዎ። እሳቸው።

ስመኝ፦ ልጃቸው በድንበር ጠብ ተገደለባቸው። ገዳዩ ከነዘመዱ ይቅርታ ሊለምን ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ሽማግሌው ሁሉ ተቀምጦ የእሳቸውን እጅ ያያል። እሳቸው እጃቸውን ካልዘረጉ እርቅ የለም፤ ሽማግሌ ተነሥቶ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ አስነሥተው ሰደዱት። በሦስተኛው ነው የዘረጉት። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን እንዴት እንደዘረጉ አሳዩኝ። ከዚያ የድሮውን ጽሑፍ አነበብኩላቸው፤ "የሟች እናት በእርቁ ቦታ አትቀመጥም፣ አትጠየቅምም" የሚለውን።

ልየው፦ ምን አሉ?

ስመኝ፦ "የጻፈው ሰው እኛ ቀበሌ መጥቶ ነበር። ከቤቴ በታች በቅሎ አስሮ ከወንዶቹ ጋር ዋለ። እኔን አልጠየቀኝም" አሉ። በዚያ ንዴት ነው የጻፍኩት። ስድቡን ልተወው እችላለሁ። ሰነፍ ያልኩትን አወጣለሁ፤ መኪና መስኮት ያልኩትን አወጣለሁ፤ መኪና እንኳ አልነበረም፣ በቅሎ ነው። "ማንበብ" ያልኩትን በጥርሴ ነቅዬ አወጣለሁ። ጽሑፉ አልነበረም ማለት ግን አልችልም። የሴትየዋን ምስክርነት ያለ ተከሳሽ ምን ላደርገው?

ልየው፦ ፈሪ ለእናቱ ነው የሚባለው፣ ስመኝ። አንቺም እናት ነሽ፤ ለልጆችሽ ፍሪ።

ስመኝ፦ እየፈራሁ እኮ ነው። ካልፈራሁ ምን አስሮጠኝ እዚህ?

ልየው፦ የፈራ ሰው ምክር ይሰማል።

ስመኝ፦ እሺ፣ ምክርዎን ይንገሩኝ። ግን የአማካሪ ምክር ይሁንልኝ። ምዕራፍ ሁለትን ሲያነቡት ትችቱን እንዴት አገኙት? ስድቡን ትተው፤ ነገሩ ትክክል ነው ወይስ አይደለም?

ልየው፦ በጥቅሉ... ጠንካራ ምዕራፍ ነው።

ስመኝ፦ በጥቅሉ ሳይሆን። የድሮው ጽሑፍ ተሳስቷል የምልባቸው ምክንያቶች አሉ፤ የትኛው አሳመንዎት?

ልየው፦ ሁሉም።

ስመኝ፦ አንዱን ይንገሩኝ።

ልየው፦ አሁን ፈታኟ አንቺ ሆንሽ?

ስመኝ፦ ምዕራፍ አንድን ሲመልሱልኝ ገጹ በቀይ ደም መስሎ ነበር። እያንዳንዱን ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር አርመውታል። ምዕራፍ ሁለትን ግን አንድ ጭረት ሳይኖርበት ነው የመለሱልኝ፤ ላዩ ላይ "በጣም ጥሩ" ብለው። እኔ ቤቴ ድረስ እየሳቅሁ ነው የሄድኩት። ጎበዝ ሆኛለሁ ብዬ።

ልየው፦ ያኔ ፈተና እያረምኩ ነበር፤ ማመልከቻዬም...

ስመኝ፦ አላነበቡትም።

ልየው፦ ገለጥ ገለጥ አድርጌዋለሁ።

ስመኝ፦ ማናጥቦት የሚለው ስም ገጽ በገጽ አለ። ጉባኤው ላይ ነበርኩ አሉኝ። መታሰቢያውንም ያውቃሉ። ያነበበ ሰው እንዴት ሳያስቆመው ያልፋል? እርስዎ ቢያዩት ኖሮ ገና ያኔ "ልጄ፣ ይቺ እሳት ናት" ይሉኝ ነበር።

ልየው፦ በድያለሁ። እሺ? ከመሞት መሰንበት ብዬ እጄ የገባውን ሁሉ ፈረምኩ። ግን ይህን አሁን ማንሣቱ ማንን ይጠቅማል? እኔ ካንቺ ጋር ነኝ።

ስመኝ፦ ስልክዎ ይጠራል።

ልየው፦ እሳቸው ናቸው። ስመኝ፣ እሳቸው ናቸው የሚደውሉት።

ስመኝ፦ ያንሡት።

ልየው፦ ምን ብዬ?

ስመኝ፦ አቤት ይበሉ። መጀመሪያ አቤት ነው የሚባለው።

ልየው፦ አቤት፣ ፕሮፌሰር። ደህና አደሩ። እንዴት ገቡ... እግዚአብሔር ይመስገን። አዎ፣ ቢሮ ነኝ። አለች፣ እዚሁ... ማለቴ ግቢ ውስጥ አለች። አቤት? አዎ። አዎ፣ ጌታዬ። እሱ እንኳ... መስመሩ ይቆራረጣል... አይ፣ ይሰማኛል። ይሰማኛል። እሺ። እሺ፣ ሲመጡ።

ስመኝ፦ ምን አሉ?

ልየው፦ ቁርስ እየበሉ ነው። በእግራቸው ነው የሚመጡት።

ስመኝ፦ አንብበውታል?

ልየው፦ ውኃ አለሽ?

ስመኝ፦ ይኸው። አንብበውታል ወይ?

ልየው፦ ከዳር እስከ ዳር። ምዕራፍ ሁለትን ደግመው ማንበባቸውን ነገሩኝ።

ስመኝ፦ ድምፃቸውስ? ተቆጥተዋል?

ልየው፦ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት።

ስመኝ፦ እግራቸው ላይ ልውደቅ። ገና ከበር ሲገቡ። የአባትዎ ስም መሆኑን ሳላውቅ ነው ልበላቸው። የአባታቸውን ስም ማንሣቱን እንኳ እፈራለሁ።

ልየው፦ ስለ አንቺ አይደለም የጠየቁኝ።

ስመኝ፦ ታዲያ ስለ ማን?

ልየው፦ "ልጅቷን የምጠይቃትን አውቃለሁ፤ አንተን ግን አንድ ነገር አስቀድሜ እጠይቅሃለሁ" አሉኝ። "ይህን ምዕራፍ አንብበህ ነው የፈረምከው?"

ስመኝ፦ ምን መለሱላቸው?

ልየው፦ ሰማሽኝ እኮ። መስመሩ ይቆራረጣል አልኳቸው። እሳቸውም "እንግዲያው ፊት ለፊት ትነግረኛለህ" ብለው ዘጉት።

ስመኝ፦ ወይ ጉድ።

ልየው፦ ምን ልበላቸው? አንብቤያለሁ ብል፣ አባቴ ሲሰደብ እያየህ ዝም አልክ ይሉኛል። አላነበብኩም ብል፣ ሳታነብ ፈረምክ ይሉኛል። በየትም በኩል ገደል ነው። ማመልከቻዬ አለቀለት። ስመኝ፣ አንቺ ደህና ትናገሪያለሽ፤ ከእኔ በፊት ገብተሽ አንድ ቃል በይልኝ። ዶክተር ልየው አስጠንቅቆኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት በይ። አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ለተማሪ ይቅር ይባላል።

ስመኝ፦ አይሆንም።

ልየው፦ እለምንሻለሁ።

ስመኝ፦ አልዋሽልዎትም። ስሙን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ራሴ ገብቼ እነግራቸዋለሁ፣ ስለ አባታቸውም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጽሑፋቸው ተሳስቷል ያልኩትን ግን አላጥፈውም። ከጣሉኝም በእሱ ይጣሉኝ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ ግን ምን እንደምል አውቄያለሁ።

ልየው፦ እኔስ? እኔ ምን እላለሁ?

ስመኝ፦ በእግራቸው ነው የሚመጡት አሉኝ አይደል? ቁርሳቸውንም አልጨረሱም። ይቀመጡ፣ ዶክተር። ምዕራፍ ሁለትን ላንብብልዎ፤ ስጨርስ ትክክል ነኝ ወይስ ተሳስቻለሁ ይሉኛል፣ እዚህ ያሉኝንም እሳቸው ፊት ይደግሙታል።